«ሲስተም የለም» የሚባል ነገር የለም

አርብ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ። ባህር ዳር ካሉት ቢሮዎች በአንዱ ወረፋ ይዘን ተቀምጠናል። የትኛው ቢሮ እንደሆነ አንናገርም፤ ብንናገርም ለውጥ የለውም፤ እናንተም በየሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ቢሮ አታጡም። ከፊታችን ከዘጌ በጀልባ የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ወረቀቶቻቸውን በፌስታል ጠቅልለው ተራቸውን በትዕግሥት ጠበቁ። ተራቸው ደረሰ። ከመስኮቱ ኋላ ያለችው ልጅ ቀና ሳትል፣ «እማማ፣ ሲስተም የለም። ሰኞ ይመለሱ» አለቻቸው።

«ሲስተሙ የት ሄዶ ነው ልጄ?»

ወረፋው በሙሉ ሳቀ። እኛም ሳቅን። ያፈርነው በኋላ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቁት እሳቸው ብቻ እንደነበሩ ሲገባን።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ አንድ ወጣት ቁልፍ እያንቀጫቀጨ መጣ። ኮሪደሩ ጥግ የተሰቀለችውን የብረት ሳጥን ከፈተ፤ ገመድ ነቀለ፤ ትንሽ ጠበቀ፤ መልሶ ሰካ። መብራቶቹ ብልጭ ብልጭ አሉ። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ «ሲስተም መጣ» ተባለ። እናትየዋ ግን ጀልባው እንዳያመልጣቸው ወደ ወደቡ ወርደው ነበር።

ልጁን ይዘን ጠየቅነው። «ምን ሆኖ ነው?» «ስዊቹ ሀንግ አድርጎ ነው፤ ሪስታርት ሲደረግ ይሠራል።» «ለምንድን ነው ሀንግ የሚያደርገው?» ትከሻውን ሰበቀ። «ባህሪው ነው።»

ባህሪው ነው! ወዳጆቻችን፣ የዛሬው ጽሑፋችን በዚህች አንዲት ቃል ላይ ነው። በቅሎ ባህሪ አላት። አማት ባህሪ አላት። የጣና ማዕበልም ባህሪ አለው ቢባል እንቀበላለን። ስዊች ግን ባህሪ የለውም፤ ምክንያት ነው ያለው።

*

እኛ የተማርነው ጋዜጠኝነት ነው፤ ስዊች መፍታት አይደለም። ነገር ግን ትምህርት ቤት «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት» ብለው ሲያስተምሩን «ሲስተም ሲሆን ግን ተዉት» ያለን መምህር አልነበረም። ስለዚህ የሚያውቁ ሰዎችን ጠየቅን፣ አነበብን፣ እያፈርንም ቢሆን የማይገባንን ደጋግመን ጠየቅን። የገባንን እንንገራችሁ።

ስዊች ማለት የቢሮውን ኮምፒውተሮች እርስ በርስና ከውጭ ጋር የሚያገናኝ ሳጥን ነው። ብዙዎቻችን ገመድ የሚሰካበት ማከፋፈያ ይመስለናል። አነስተኞቹ እንደዚያ ናቸው ማለት ይቻላል። ትላልቆቹ ግን ራሳቸውን የቻሉ ኮምፒውተሮች ናቸው፦ ፕሮሰሰር አላቸው፣ ሜሞሪ አላቸው፣ ውስጣቸው ብዙ ፕሮግራም ይሮጣል። አንዱ የኮምፒውተሮቹን አድራሻ ይመዘግባል፣ አንዱ ከአስተዳዳሪው ትእዛዝ ይቀበላል፣ አንዱ የሆነውን ሁሉ በመዝገብ ይጽፋል።

እነዚህ ፕሮግራሞች ሁሉ የሚጠቀሙት ከአንድ ሜሞሪ ነው። አሠራሩ ልክ እንደ እድራችን ዕቃ ቤት ነው። እድሩ 200 ሳህን አለው እንበል። ለቅሶ የደረሰበት ሰው 40 ሳህን ይወስዳል፤ ሰልስቱ ሲያልፍ ይመልሳል። ሌላው ለተዝካር ይወስዳል፤ ይመልሳል። ሁሉም እስከመለሰ ድረስ 200 ሳህን ለሰፈሩ በቂ ነው። አሁን ደግሞ ከአባላቱ አንዱ በወሰደ ቁጥር ሁለት ሳህን የማይመልስ ሰው አለ እንበል። ክፋት የለበትም፤ ይረሳል። በመጀመሪያው ወር ማንም አያውቅም። በሦስተኛውም አይታወቅም። አንድ ቀን ግን ትልቅ ለቅሶ ይመጣና ዕቃ ቤቱ ሲከፈት መደርደሪያው ባዶ ነው። ሰው የሚጮኸው በዕለቱ ዕቃ ሊወስድ በመጣው ላይ ነው። ጥፋተኛው ግን ሌላ ቦታ፣ ገና ድሮ ነው።

ባለሙያዎቹ «ሜሞሪ ሊክ» የሚሉት ይህንን ነው፤ የሜሞሪ መፍሰስ። አንድ ፕሮግራም ሜሞሪ ይወስዳል፣ ሥራውን ይጨርሳል፣ አይመልስም። ነፃው ቦታ ቀስ በቀስ ያልቃል። ሲያልቅ ስዊቹ ወዲያው አይሞትም፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። ትልልቆቹ ስዊቾች መረጃ የሚያስተላልፉት ለዚሁ በተሠራ ቺፕ ስለሆነ መብራቶቹ ብልጭ ብልጭ ይላሉ፣ ገሚሱ ሰው ይሠራል፣ ገሚሱ አይሠራም፤ አስተዳዳሪው ገብቶ ልይ ሲል ደግሞ ስዊቹ እሱንም አላስገባም ይላል። ቢሮው ውስጥ «ለኔ ይሠራል፣ ለሷ አይሠራም» የሚባለው ክርክር አንዳንዴ ከዚህ ይመጣል።

ታዲያ ሪስታርት ምን ያደርጋል? ሳህኑን ሁሉ ከየቤቱ በግዴታ ሰብስቦ ዕቃ ቤት ይመልሳል። ጥሩ! ነገር ግን አብሮ የተበዳሪዎቹን መዝገብ ያቃጥላል። ማን ስንት እንደወሰደ የሚያሳየው ቁጥር የተጻፈው በዚያው በሚጠፋው ሜሞሪ ላይ ነው። የስህተት መልእክቶቹም፣ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ካልተላኩ በቀር፣ አብዛኛውን ጊዜ አብረው ይጠፋሉ። ገመዱን የነቀለው ልጅ በሽታውን አላዳነም፤ በሽታው ለመኖሩ የነበረውን ማስረጃ ነው ያጠፋው። በሚቀጥለው ወር ያው በሽታ ሲመጣ «ባህሪው ነው» ይላል። እውነቱን ነው፤ ሌላ የሚለው ነገር አላስቀረማ!

*

አሁን ወደ ከተማችን እንመለስ። ባህር ዳር የዓባይ መውጫ ላይ የተቀመጠች፣ ጢስ ዓባይን የመሰለ የኃይል ማመንጫ አጠገቧ ያላት ከተማ ናት። መብራት ግን ይጠፋል፤ ይህን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። መብራት ሲጠፋ ስዊቹም ይጠፋል፤ ሲመጣ ይነሳል። ይኸውላችሁ፣ ነፃ ሪስታርት!

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አንድ ስዊች 60 ሜጋባይት ነፃ ሜሞሪ አለው እንበል። በቀን 1 ሜጋባይት ይፈስበታል። ሳይጠፋ ቢቆይ በ60 ቀን ያልቃል። መብራት በየሁለት ሳምንቱ የሚጠፋ ከሆነ ግን ፍሳሹ ከ14 ሜጋባይት አያልፍም፤ ችግሩ ለዓመታት ቢኖርም ማንም አያየውም። አሁን ቢሮው በጀት ያገኝና ዩፒኤስና ጀነሬተር ይገዛል። ሪባን ይቆረጣል፣ ይጨበጨባል። ሁለት ወር ሳይሞላ ኔትወርኩ መታመም ይጀምራል። ምን ይባላል? «ይህ ዩፒኤስ ነው ያበላሸው!» ዕቃው ይነቀላል፣ መጋዘን ይገባል፣ አቅራቢው ይሰደባል። መብራት እንደ ልማዱ መጥፋት ይጀምራል፣ ኔትወርኩም «ዳነ» ይባላል። ይህንን ታሪክ በዚህችው ከተማ ከሚሠራ ጓደኛችን ስንሰማ እንደ ቀልድ ነበር የተቀበልነው። አሁን ግን አያስቀንም። የመብራት መጥፋት መድኃኒት የሚመስልበት አገር ውስጥ፣ በሽታን ማወቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ነው የሚያሳየው።

መፍትሔው አንድ ነው፦ መለካት። ይህንን ደግሞ ከሩቅ መማር አያስፈልገንም፤ ከጣና እንማራለን። ጣና በየዓመቱ ይወርዳል፣ ይወጣል። ክረምት አልፎ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፣ በጋውን ሁሉ እየወረደ ሰኔ ላይ ይደርሳል። ማንም በዚህ አይደነግጥም፤ ትንፋሹ ነውና። በ1995 ዓ.ም. ግን አወራረዱ ሌላ ነበር። የዝናብ ማነስና በጨረጨራ በኩል ለኃይል ማመንጫ የተለቀቀው ውሃ ተደምረው ሐይቁ መርከቦች ሊንቀሳቀሱበት ከሚችሉበት ከ1,785 ሜትር በታች ወረደ፤ ጉዞ ለወራት ቆመ፣ ደንገል ደረቀ፣ ከሐይቁ ያፈገፈገው መሬት ታረሰ። ይህ ከወትሮው የተለየ መሆኑ የሚታወቀው በምንድን ነው? በአንድ ቀን ልኬት አይደለም። የሐይቁ ከፍታ ባህር ዳር ላይ ለአሥርት ዓመታት ሲለካ ስለኖረ ነው። «ወትሮ» የሚባል ነገር በወረቀት ላይ ስለነበረ ነው።

ስዊችም እንደዚያው ነው። የሜሞሪ አጠቃቀሙ ጠዋት ሠራተኛ ሲገባ ይወጣል፣ ማታ ይወርዳል። ይህ ትንፋሹ ነው። አዲስ ስዊች ሲተከል ወይም ሠራተኛ ሲበዛ ይጨምርና አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ይህም ጤና ነው። ፍሳሽ ማለት ሌሊትም፣ እሑድም፣ በበዓልም የማይወርድ፣ በየሳምንቱ ዝቅተኛው ነጥብ ካለፈው ሳምንት ዝቅተኛ ነጥብ እየበለጠ የሚሄድ መስመር ነው። ይህንን ለማየት ደግሞ የሳምንታት ቁጥር ያስፈልጋል። ቢሮዎቻችን ውስጥ ስንቱ ስዊች የሳምንታት ቁጥር አለው? ልጠይቅ ብላችሁ ሞክሩ። እንደ እማማ ይሳቅባችኋል።

ሥራው ግን ይህን ያህል ከባድ አይደለም። በሲስኮ ስዊች ላይ «ሾው ፕሮሰስስ ሜሞሪ ሶርትድ» የምትል አንዲት ትእዛዝ አለች። ስትጻፍ እያንዳንዱ ፕሮግራም ስንት እንደወሰደ፣ ስንት እንደመለሰ፣ ስንት በእጁ እንዳለ ትዘረዝራለች፤ የእድሩን መዝገብ ማለት ነው። ዛሬ አንዴ፣ በሳምንቱ አንዴ፣ በሁለት ሳምንቱ አንዴ ይቀዳል። «በእጁ ያለው» የሚለው ዓምድ ላይ አንዱ ስም ብቻውን እያደገ ከሄደ ተጠርጣሪው ተገኘ። «ሾው ቨርዥን» የምትል ሌላ ትእዛዝ ደግሞ ስዊቹ ከተነሳ ስንት ቀን እንደሆነውና ለመጨረሻ ጊዜ ለምን እንደጠፋ ትናገራለች። ገመድ ነቅሎ መሰካትን ሳይቀር ታስቀምጣለች። «ማሎክፌይል» የሚል የስህተት መልእክት ከታየ ደግሞ አንድ ፕሮግራም ሜሞሪ ጠይቆ ተከልክሏል ማለት ነው። ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል፦ ጠቅላላ ነፃ ቦታ እያለም ይህ መልእክት ሊመጣ ይችላል፣ ቦታው ተበጣጥሶ በአንድ ላይ የሚበቃ ቁራጭ ሲጠፋ። 200 ወንበር አለን እያልን አሥር አሥሩ በየሰው ቤት ተበትኖ ድንኳኑ ባዶ እንደሚሆነው ማለት ነው።

በእጅ መቅዳት ቢያሰለች፣ ዛቢክስና ካክቲን የመሳሰሉ በነፃ የሚገኙ ፕሮግራሞች በየአምስት ደቂቃው ቁጥሩን ከስዊቹ ጠይቀው መስመር ይሥላሉ። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ይበቃቸዋል። የስህተት መልእክቶቹንም ወደዚያው ኮምፒውተር ማስላክ ይቻላል፤ ያኔ ስዊቹ ቢጠፋም መዝገቡ ይተርፋል። ተጠርጣሪው ሲታወቅ ደግሞ አምራቹ ያወጣው የተስተካከለ ሶፍትዌር እንዳለ ይፈለጋል። ሜሞሪ ሊክ በስዊቹ ላይ የወረደ እርግማን አይደለም፤ በተጻፈ ፕሮግራም ውስጥ ያለ ስህተት ነው፣ አምራቾቹም ራሳቸው ቁጥር ሰጥተው የሚያሳውቁት።

*

«ይህ የደሃ አገር ችግር ነው» የሚል ካለ፣ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1992 የለንደን አምቡላንስ አገልግሎት የጥሪ ኮምፒውተር ሲስተም ቀጥ ብሎ ቆመ። ምርመራው ያገኘው፣ ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ፕሮግራመር የተወው ቁራጭ ኮድ አምቡላንስ በተላከ ቁጥር ከሰርቨሩ ላይ ጥቂት ሜሞሪ እየወሰደ አለመመለሱን ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ፈሰሰ፤ አንድ ሌሊት አለቀ። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? እነሱ መረመሩ፣ ጻፉ፣ አሳተሙ። ለዚህ ነው እኛ ዛሬ ባህር ዳር ቁጭ ብለን የምናነበው።

ሪስታርትን መድኃኒት ማድረግ ምን እንደሚያስከትል ደግሞ ሌላ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1991 በሳዑዲ አረቢያ ዳህራን የነበረ የፓትሪዮት መከላከያ ሚሳይል ስከድ ሚሳይል ሳይመታ አለፈው፤ 28 የአሜሪካ ወታደሮች ሞቱ። ያ ሜሞሪ ሊክ አልነበረም፤ ኮምፒውተሩ ከ100 ሰዓት በላይ ሳይጠፋ ስለሠራ የሰዓት ስሌቱ በትንሽ በትንሹ ተዛብቶ ነው። ለወታደሮቹ «በጣም ረጅም ጊዜ አታሠሩት» ተብሎ ተነግሯቸው ነበር። «በጣም ረጅም» ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን ማንም አልነገራቸውም። የተስተካከለው ሶፍትዌር ዳህራን የደረሰው በማግስቱ ነው። «አልፎ አልፎ ሪስታርት አድርጉት» የሚል ምክር ቁጥር ከሌለው ምክር አይደለም።

*

የሚቀርብብንን መልስ እናውቃለን። አንደኛ፣ «ሰው ወረፋ ላይ ቆሞ እኛ ቁጥር እንቅዳ?» ይባላል። አዎ፣ አምስት ደቂቃ። ቅዱ፣ ከዚያ ሪስታርት አድርጉ። ሪስታርት አይደረግ አላልንም፤ ሳይመዘገብ አይደረግ ነው ያልነው። ስዊቹ አላስገባም ካለም ሰዓቱንና ቀኑን ጻፉ፤ እሱም ቁጥር ነው።

ሁለተኛ፣ «ዕቃው አሮጌ ነው፣ የድጋፍ ውል የለንም፣ ዶላር የለም፣ አዲስ ሶፍትዌር ከየት ይመጣል?» ይባላል። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ አንቀልድበትም። ነገር ግን መለካት ዶላር አይፈልግም። የሚያፈሰው ፕሮግራም ከታወቀና የማያስፈልግ ከሆነ ማጥፋት ይቻላል። ካልሆነም ሜሞሪው በ60 ቀን እንደሚያልቅ የሚያውቅ ሰው በ45ኛው ቀን እሑድ ሌሊት ሰው በሌለበት ሪስታርት ያደርገዋል። የጣና ባለ ታንኳ ደንገሉ ውሃ እንደሚመጥ ያውቃል፤ ስለዚህ ሥራውን ሲጨርስ ታንኳውን አውጥቶ ያደርቀዋል። መሐል ሐይቅ ላይ ሲሰጥም አይደለም የሚያስታውሰው። ታንኳውን የሚያደርቀውና ገመድ የሚነቅለው ሰው የሚያደርጉት ነገር ይመሳሰላል፤ ልዩነታቸው አንዱ ማወቁ ነው።

ሦስተኛው መልስ ከባዱ ነው። «በዚህ ክልል ኢንተርኔት በትእዛዝ ሲዘጋ እያያችሁ ስለ ስዊች ታወራላችሁ?» የሚለው። አዎ፣ አይተናል። በ2011 ዓ.ም. ሰኔ ከባህር ዳሩ ግድያ በኋላ አገሩ በሙሉ ኢንተርኔት ጠፍቶበት አይተናል። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ኖረናል። ይህንን አንረሳም። ግን በትክክል ለዚህ ነው የምንጽፈው። «ሲስተም የለም» የምትለዋ ቃል ሁሉንም በአንድ ጆንያ ትከታለች፦ በትእዛዝ የተዘጋውን፣ በቁፋሮ የተቆረጠውን ገመድ፣ የጠፋውን መብራት፣ ሜሞሪው ያለቀበትን ስዊች። ሁሉም አንድ ሲሆን ማንም ተጠያቂ አይሆንም። የዘጋው ሰው ከፈሰሰው ስዊች ኋላ ይደበቃል፤ ስዊቹን የማይለካው ሰው ደግሞ ከዘጋው ሰው ኋላ። «ይህኛው ከኛ ስዊች አይደለም፣ ቁጥሩ ይኸው» ማለት የሚችል ቢሮ ብቻ ነው «ታዲያ ከማን ነው?» ብሎ መጠየቅ የሚችለው።

አገራችን ለኔትወርክ ገንዘብ አላወጣችም ማንም አይልም። እ.ኤ.አ. በ2006 ከዜድቲኢ ጋር 1.5 ቢሊዮን ዶላር፣ በ2013 ከዜድቲኢና ከሁዋዌ ጋር 1.6 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ውል ተፈርሟል። ወረዳኔት ተዘርግቷል፣ ስኩልኔት ተዘርግቷል፣ በፕላዝማ የተማረ ትውልድ ነው ይህንን የሚያነበው። ፕላዝማው ሲበላሽ ክፍል ውስጥ ጥቁር መስታወት ሆኖ እንደቀረም ያስታውሳል። ለመግዛት ቢሊዮን አለን፤ ለመለካት ግን አንድ ደብተር የለንም። ደግሞ ሰው የለም እንዳይባል፣ ባህር ዳር ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ፖሊ ያላት ከተማ ናት። በየዓመቱ የሚመረቁት ልጆች ይህንን ሁሉ ከኛ በተሻለ ያውቁታል። የጎደለው የሚጠይቃቸው አለቃ ነው። አለቃው የሚጠይቀው «ሠራ ወይ?» ብሎ ነው፤ «ለምን ቆመ?» ብሎ አይደለም። ገመድ ነቅሎ የሰካው ይመሰገናል፤ ሁለት ሰዓት ወስዶ ምክንያቱን የፈለገው «ዘገየ» ተብሎ ይገሠፃል።

እምቦጭን እያየን ያደግን ልጆች ይህንን ልንረዳ ይገባን ነበር። አረሙ ጣና ላይ መታየቱ ከተረጋገጠበት እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ስንቴ ዘመቻ ተወጣ? ሕዝቡ ወገቡ ድረስ ውሃ ገብቶ በእጁ ነቀለ፤ ክብር ይገባዋል። ነገር ግን ዘሩ ጭቃው ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ ከእርሻው የሚታጠበው ማዳበሪያና ከከተማችን የሚለቀቀው ፍሳሽም ይቀልበዋል። ምንጩ እስካልተነካ ድረስ መንቀል ሪስታርት ነው። ዘንድሮ ይጸዳል፣ ከርሞ ይመለሳል፣ እኛም «ባህሪው ነው» እንላለን።

እና ምን እናድርግ? ትልቅ ነገር አንጠይቅም። በየቢሮው ያላችሁ የአይቲ ልጆች፣ ነገ ጠዋት ያቺን አንድ ትእዛዝ ጻፉና ውጤቱን ቀን ጽፋችሁ አስቀምጡ። በሳምንቱ ድገሙት። አለቆች፣ «ሪስታርት አደረግነው» የሚል ሪፖርት ስትቀበሉ «ከዚያ በፊት ሜሞሪው ስንት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ወረፋ ላይ የቆማችሁ እናንተ ደግሞ፣ በሚቀጥለው «ሲስተም የለም» ስትባሉ አትሳቁ፣ ዝም ብላችሁም አትመለሱ። የዘጌዋ እናት የጠየቁትን ጥያቄ በትሕትና ጠይቁ።

ሲስተሙ የት ሄዶ ነው?